ታይመስ በጾም ወራት

የካቲት 3

ዛሬም ማይክሮስኮፑ ጋ ስደርስ ወንበሩ ከፍ ብሎ ጠበቀኝ። አያንቱ ረጅም ናት፤ ተጠቅማ ስትነሳ እንደነበረ አትመልሰውም። ዝቅ አድርጌ ተቀመጥኩ። ይህን የምጽፈው ትልቅ ነገር ሆኖ አይደለም። በየጊዜው ስለሚሆን ነው።

አያንቱ ተማሪዬ ነበረች። ስጋን በሰም አጠንክሮ እንደ ሽንኩርት ሽፋን አሳስቶ መቁረጥን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ምላጩን እጄን እጇ ላይ አድርጌ ነው ያስያዝኳት። "ሳታዪ አትመኚ" ስላት በደብተሯ ጥግ የጻፈች ልጅ ናት። ያኔ "ቲቸር" ነበር የምትለኝ። እዚሁ ስትቀጠር "ቲቸር የሚባለው ይቅር፣ አሁን ባልደረባ ሆነናል" ያልኳት ራሴ ነኝ። በማግስቱ "ሰብልዬ" አለችኝ። ቢያንስ አንድ ሳምንት ትግደረደራለች ብዬ ነበር።

የካቲት 6

ስብሰባ ነበር። የክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ሰይፈሚካኤል ለሦስተኛ ዲግሪ አንድ ቦታ እንደተፈቀደ ነገሩን። አንድ ብቻ። "ከፋሲካ በኋላ የሁለታችሁንም ስላይዶች አይቼ እወስናለሁ" አሉ። "አያንቱ እና ሰብለወንጌል" ብለው ነው የጠሩን። በፊደል ተራ እንዳይባል "ሰ" ከ"አ" ይቀድማል።

ሥራችን አንድ ነው። ታይመስ። በአንገት ስርና ከደረት አጥንት ኋላ ያለች ነጣ ያለች እጢ ናት፤ ነጭ የደም ሕዋሶች ጨቅላ ሳሉ ገብተው የሚማሩባት ቤት። አስተማሪዎቹ ኤፒተልየም የሚባሉት ሕዋሶች ናቸው። በእጢዋ ውጫዊ ክፍል የሚኖሩት አንድ ነገር ያስተምራሉ፣ ውስጥ ያሉት ሌላ። ዶክተር ውጩን ለአያንቱ፣ ውስጡን ለእኔ አካፈሉን። የሚገርመው ሁለቱም ከአንድ እናት ሕዋስ ነው የሚወጡት፤ ጽንሱ ጉሮሮ ሲያወጣ እዚያው አጠገብ ከምትፈጠር ትንሽ ኪስ። እንዴት ተለያይተው አንዱ የውጭ፣ አንዱ የውስጥ እንደሚሆን፣ ከዚያም እንዴት እየበሰሉ እንደሚሄዱ ነው የምናጠናው፤ በፍየል ግልገል፣ ከተወለደች ጀምሮ እስከ ስድስት ወሯ።

እዚህ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን ማንም በስብሰባው አላነሳም። እኔም አላነሳሁም፤ ሰው እንዲያነሳልኝ ነበር የጠበቅኩት።

የካቲት 10

ጾም ከገባ ሁለተኛ ቀኑ። የክርስቲያኑ ቄራ ተዘግቷል፤ እስከ ፋሲካ የእጢ ናሙና የማገኘው ከሙስሊሙ በኩል ብቻ ነው። እዚያ ገርባ የሚባል አራጅ አለ። "እህቴ፣ ደግሞ የሚጣለውን ልትለቅሚ መጣሽ?" እያለ ይስቅብኛል እንጂ ሳይሰስት ይሰጠኛል። የታረደችውን ግልገል ጥርስ አየሁ፣ የወተት ነው። ዕድሜዋን ጠየቅኩት። "ስድስት ወር ቢሆናት ነው" አለኝ። ጻፍኩ።

በባጃጅ ስመለስ ሾፌሩ የበረዶ ሳጥኔን አይቶ "ዓሣ ነው?" አለኝ። አዎ አልኩት። በጾም ከቄራ በር ላይ ተሳፍሬ ሌላ ምን ልበለው።

የካቲት 14

የእኔ ስላይዶች አያምሩም። የውጩ ክፍል ሳስቶ፣ ውስጡ ከውጩ ተደባልቆ፣ የቱ የት እንደሚያልቅ አይለይም። ቀለሙን ቀየርኩ። ያው ነው። ውሃውን ቀየርኩ። ያው ነው።

አያንቱ በትከሻዬ በኩል አየችና "ሰብልዬ፣ ፍየሎቹ ከየት እንደሚመጡ ጠይቀሻል?" አለችኝ።

"ከቄራ" አልኳት።

"አይ፣ ከቄራው በፊት ማለቴ ነው።"

"ዕድሜያቸውን ነው የምፈልገው። አገራቸውን ለመታወቂያ አልፈልገው።"

ሳቀች። እኔ አልቀለድኩም ነበር። ለእኔ ስለ ናሙና ልትነግረኝ!

የካቲት 17

መምህራን ማረፊያ በር ላይ ደርሼ ስሜን ሰማሁ። አንዱ "ተማሪዋ ቀደመቻት እኮ" አለ። ሌላዋ "እንግዲህ፣ ሰብለ ጎበዝ አስተማሪ ናት" አለች፤ ነፍሷን ይማር በሚባልበት ድምፅ። ሻይ ሳልጠጣ ተመለስኩ።

የካቲት 20

ዛሬ ደግሞ ጉዱን ስሙ። አያንቱ ወደ ጠረጴዛዬ መጥታ፣ እንደ ማፈር እያለች፣ "ሰብልዬ፣ ነገሌ እናቴ ጋ አንዲት ግልገል አስቀምጬልሻለሁ፤ ለፋሲካ አካባቢ…" አለች። አላስጨረስኳትም። "የምበላውን ራሴ እገዛለሁ፤ አመሰግናለሁ" አልኳት። ፊቷ ቀላ። "እሱን ሳይሆን…" ስትል ስልኬን አንስቼ ወጣሁ፤ ማንም አልደወለም።

ለፋሲካ ፍየል የሚላከው ለማን እንደሆነ አውቃለሁ። ለአለቃ፣ ለባለውለታ፣ ወይም ለሚታዘንለት። አለቃዋ አይደለሁም። ቦታውን ወስዳ በግልገል ልትክሰኝ ነው። በጾሙ መካከል ደግሞ!

ምናልባት ክፉ ሆኜ ይሆናል። ግን እንደሚታዘንለት ሰው "ሰብልዬ" አላለችኝም?

የካቲት 27

ሁለተኛ ዓመቶቹን ስለ ታይመስ አስተማርኩ። ሙቀቱ ለጉድ ነበር፤ አቧራው በመስኮት ይገባል፣ መስኮቱ ሲዘጋ ደግሞ እንታፈናለን። እንደዚያም ሆኖ ጥሩ ክፍለ ጊዜ ነበር። አንዲት ሱሃይላ የምትባል ልጅ "ቲቸር፣ አንዱ ሕዋስ የውጭ አንዱ የውስጥ እንዲሆን የሚወስነው ማነው?" ብላ ጠየቀችኝ። "በከፊል ጎረቤቶቹ" አልኳት። "በተለይ ውስጠኞቹ ብቻቸውን አይበስሉም። የሚያስተምሯቸው ጨቅላዎች እየመጡ ሲነኳቸው ነው የሚበስሉት። ጨቅላ ያልደረሰበት ታይመስ ውስጥ አስተማሪው ጥሬ ሆኖ ይቀራል።"

ክፍሉ ሳቀ። "እኛ ባንኖር ቲቸር ጥሬ ነበሩ ማለት ነው!" አለ አንዱ ከኋላ።

ከዚያ የምወደውን ነገርኳቸው። ከውስጠኞቹ አንዳንዶቹ ቆዳ ይመስላሉ፣ አንዳንዶቹ አንጀት፣ አንዳንዶቹ ጡንቻ። ሁሉንም መስለው ለጨቅላዎቹ ያሳያሉ፤ ይሄ የራስህ ነው፣ አትንካው ብለው። አይቶ የራሱን ሊነክስ የሚነሳው እዚያው ይወገዳል። ያመለጠ እንደሆነ በኋላ አካሉን በሙሉ ያሳምማል።

ለፈተና አወጣዋለሁ።

መጋቢት 2

ዶክተር ቢሯቸው ጠሩኝ። የአያንቱ ስላይድ ማይክሮስኮፓቸው ላይ ነበር። "ሰብለ፣ እስቲ ይሄን እዪ። የስድስት ወር ነው።"

አየሁ። የውጩ ክፍል ወፍራም፣ ጥርት ያለ፤ ውጩ የት አልቆ ውስጡ የት እንደሚጀምር በጣት የሚጠቆም። ከልቤ አማረኝ። በሕይወቴ ቆርጬ የማላውቀውን ቆርጣለች። 

"ያምራል" አልኩ። ቀጥዬም "ግን ስድስት ወር መሆኑን ማን አየ? ግልገሎቹ ከእናቷ ቤት ነው የሚመጡት። ያነሱ ቢሆኑስ?" አልኩ።

ግልገል ባነሰች ቁጥር ታይመሷ የደለበ ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ተገቢ ነው። ዶክተር መነጽራቸውን አወለቁ። "ልክ ነሽ። መጣራት አለበት" አሉ።

መጋቢት 3

የጠየቅኩት ጥያቄ ነው። ክስ አይደለም። "ማን አየ?" ማለት ሳይንስ ነው፤ ሌላውን ብጠይቀው ማንም ምንም አይለኝም ነበር።

መጋቢት 5

የአያንቱ ሥራ እስኪጣራ ቆሟል። ጠዋት ገብታ "ደህና አደርሽ" ብላኝ ጥጓ ላይ ተቀመጠች። ቀኑን ሙሉ ዕቃ ስታጥብ ዋለች፤ የታጠበውን ሳይቀር። ማንን እንደምትጠረጥር አልተናገረችም። አሳዘነችኝ። ደስ አላለኝም።

መጋቢት 6

ትናንት የጻፍኩት ውሸት ነው። ትንሽ ደስ ብሎኛል።

መጋቢት 9

ቄራ። ሙቀት። ገርባን የረመዳን ጾሙ አድክሞታል፣ ድምፁ አይሰማም። ሁለት ናሙና። ሁለቱም ሟሽሸው መናኛ ናቸው። ለምን? ምን አድርጌ?

መጋቢት 16

ዶክተር ዛሬ ያሉትን ቃል በቃል ልጻፈው። "አርሲ ነገሌ ሄዶ ግልገሎቹን የሚያይ፣ ቤተሰቡን የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። አንቺ ትሄጃለሽ።"

"እኔ ተወዳዳሪ ነኝ እኮ" አልኩ።

"እኔም ብያለሁ። አያንቱ ራሷ ናት ሰብለ ትሂድልኝ ያለችው።"

ስወጣ እፎይ አልኩ። እኔ መሆኔን አታውቅም ማለት ነው። ብታውቅማ ኖሮ ቤቷ ታስገባኛለች?

መጋቢት 19

ደክሞኛል፤ ግን ካልጻፍኩት አልተኛም።

ማልደን በሚኒባስ ወጣን። ሞጆን፣ መቂን እስክናልፍ ብዙም አላወራንም። ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝ፣ በላሁ። ባቱ ላይ ሾፌሩ ቲማቲም ሊገዛ ቆመ። አጠገባችን ፍየል የጫነ አይሱዙ ቆሞ ነበር። ፍየሎቹ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ፤ ትንንሾቹ ከትልልቆቹ እግር ስር ተረጋግጠዋል። አንዷ አንገቷን በእንጨቶቹ መካከል አውጥታ የእኛን ሚኒባስ ብረት ትልስ ነበር። አያንቱ ወርዳ ከረዳቱ ጋር በኦሮምኛ ተነጋገረች። አዳማ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ከሰላምታና ከገበያ ያለፈውን ግን አልሰማም። የሰማሁት "ያቤሎ" እና "አዳማ" የሚለውን ብቻ ነው።

ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች። "ከቦረና ነው። ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ውሃ ሻሸመኔ ላይ ነው የቀመሱት" አለች። "ለቄራ ነው?" አልኩ። "ለቄራ ነው።"

የተራበ፣ የተጠማ፣ የተጨነቀ እንስሳ ታይመሱ ይሟሽሻል፤ መጀመሪያ የሚያልቀው ደግሞ የውጩ ክፍል ነው። ጨቅላዎቹ ሲሞቱ አስተማሪዎቹም መልካቸው ይጠፋል፣ ድንበሩ ይደባለቃል። ይህን በየዓመቱ አስተምራለሁ። ፈተና ላይ አወጣለሁ። የተሳሳተ ተማሪ ነጥብ እቀንሳለሁ። የካቲት ላይ "ከቄራው በፊት ማለቴ ነው" ስትለኝ ስለ መታወቂያ ቀለድኩባት። ከባቱ እስከ ላንጋኖ ውሃውን በመስኮት ሳይ ሄድኩ።

እናቷ አደ ደራርቱ ነገሌ ገበያ እህል ይሸጣሉ፤ ቅዳሜ ስለሆነ ገበያውን ለእህታቸው ትተው ነው የጠበቁን። "ባጋ ነጋን ዱፍቴ!" እንኳን ደህና መጣሽ ብለው አቀፉኝ። "ገለቶማ" ብዬ አመስግኜ ቀረሁ፤ ቀሪውን በአማርኛ ሞሉልኝ። "ቲቸር ማለት አንቺ ነሽ? ይቺ ልጅ እጄን ያስተማረችኝ እያለች ስታወራ ጎረቤት ሁሉ ያውቅሻል።"

"ጎበዝ ልጅ አለችዎት" አልኩ።

በጓሮ ሄድን። ግልገሎቹ ንጹህ፣ የጠገቡ፣ ሰው የለመዱ ናቸው። እንደ መርማሪ ጠየቅኳቸው፤ እሳቸውም ሳይከፋቸው መለሱ። "እነዚህ የተወለዱት ሰዉ ለኢሬቻ ወደ ቢሾፍቱ በአውቶብስ ሲጫን ነው። መንገዱ ተዘግቶብኝ ከገበያ በእግሬ መጥቼ፣ ስደርስ እናቲቱ ምጥ ይዟት ነበር።" አያንቱ በስልኳ ያን ዕለት የተላከላትን ፎቶ አሳየችኝ፤ ገና ያልደረቁ፣ እግራቸው የማይቆም። መስከረም 24። ስላይድ የሆነችው የቀደመችዋ ግልገልም ፎቶ አላት፤ ነሐሴ 20። ዕድሜው ልክ ነው። ከልክም በላይ ልክ ነው።

ለብቻዋ የታሰረች፣ ነጭ ሆና አንገቷ የጠቆረ ግልገል ነበረች። "ይቺስ?" አልኩ።

አደ ደራርቱ ሳቁ። "ይቺማ የሰብሌ ናት! ልጆቹ ሁሉ ሰብሌ ነው የሚሏት። ገዢ መጥቶ ስንት ጊዜ ተጨቃጨቀን። አትሸጥም ተብሏል።"

አያንቱ መሬት መሬት እያየች "የቄራዎቹ አልሆኑልሽም ነበር" አለች። "መንገድ ያልነካት፣ የተወለደችበት ቀን የታወቀ አንዲት ትኑርሽ ብዬ ነው። ስድስት ወር የሚሞላት ለፋሲካ አካባቢ ነው። የዛን ቀን ልነግርሽ ጀምሬ…"

ጀምራ ነበር። አውቃለሁ። ከላይ ጽፌዋለሁ።

ግልገሏ ጣቴን ጠባች። እንዲህ አፍሬ አላውቅም፤ እንዲህም ቀንቼ አላውቅም። ስላይዱ ብቻ ቢሆን ምናለ? ልቧም በለጠኝ።

መጋቢት 20

ለዶክተር ምን እንደምል እያሰብኩ ነው። "ፎቶ ማስረጃ አይሆንም" ማለት ይቻላል። ውሸት አይደለም። "ሙሉ በሙሉ ማረጋገጥ አልቻልኩም" ማለትም ይቻላል። ሁሉ ነገር ሙሉ በሙሉ አይረጋገጥም።

መጋቢት 22

ዶክተር "እህስ?" አሉኝ በኮሪደር። "እየጻፍኩ ነው" አልኩ። አንዲት መስመር አልጻፍኩም። ቦታው እጄ ላይ ነው፤ አንድ የሚያጠራጥር ዓረፍተ ነገር ብቻ ይበቃል። አስቀያሚው ነገር ዓረፍተ ነገሩን በቃሌ መያዜ ነው።

መጋቢት 23

ነገርኳቸው። "ዕድሜያቸው ትክክል ነው። የተወለዱበት ቀን ይታወቃል። የእኔ ናቸው የማይታወቁት" አልኩ። ስለ አይሱዙውም ነገርኳቸው፤ የጾሙን ናሙና በሙሉ ከሥራዬ እንደማወጣም። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ጥሩ ሰው ስለሆንኩ አይደለም ያለቀስኩት። ቦታው ስለሄደ ነው።

መጋቢት 25

ግልገሏ ትናንት ስድስት ወሯን ሞላች። አያንቱ ወንድሟ ጋ ደውላ ከትናንት በስቲያ አዳማ አስመጥታት ነበር፤ ሁለት ቀን በግቢያችን አሳርፈን፣ ውሃና ሳር እየሰጠን አቆየናት። ዛሬ ገርባ መጥቶ አረደልን። ስሟን ለገርባ አልነገርኩትም።

መጋቢት 30

ዛሬ ስላይዱ ደረሰ። ለረጅም ጊዜ አየሁት። ውጩ ሙሉ ነው፣ እንደ አዲስ ጥጥ። ውስጠኞቹ ሕዋሶቼ፣ እነዚያ ከጥር ጀምሮ የፈለግኳቸው፣ በቦታቸው ናቸው፤ በስለዋል፤ ቆዳ የሚመስሉት እንኳ ክብ ክብ ሠርተው ይታያሉ። ለሦስት ወር ያጣሁት እዚያ ነበር።

አያንቱ ከኋላዬ ቆማለች። "ነይ እዪ" ብዬ ተነሳሁላት። ሳትቀመጥ ጎንበስ ብላ አየች።

"ቲቸር!" አለች። አመለጣት።

ያኔ አልቻልኩም። "አያንቱ፣ የዕድሜውን ነገር ለዶክተር ያነሳሁት እኔ…"

"አውቃለሁ" አለች፣ ዓይኗን ሳታነሳ። "ያኔውኑ ነግረውኛል።"

"ታዲያ ለምን እኔ እንድሄድ ፈለግሽ?"

"ሌላ ሰው ቢሄድ አንቺ አታምኚማ። ሳታዪ አትመኚ ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽ?"

ማስተካከያውን ትንሽ አዞረች። "በጣም ተናድጄ ነበር" አለች ቆይታ። "እናቴ ጋ ደውዬ ግልገሏን ሽጪያት አልኳት። እማዬ ናት እንቢ ያለችው። የሰው ስም ያለባትን አልሸጥም አለችኝ።"

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። "እሺ" አለች። እሺ ብቻ። ከዚያ በላይ ልትሰጠኝ አይገባትም።

ሚያዝያ 8

ተወሰነ። አያንቱ። ዶክተር የእኔን ስላይድ "ድንቅ፣ ግን አንድ ብቻ" አሉት። በሰው ፊት እንኳን ደስ አለሽ ያልኳት የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ፤ ስለተደሰትኩ ሳይሆን ዘግይቼ ቅናቴ እንዳይታወቅብኝ ብዬ። ቀንቻለሁ። ነገም እቀናለሁ፣ ጽሑፏ ሲታተም ደግሞ ሌላ ጊዜ እቀናለሁ። ሱሃይላ ግን ዛሬ መጥታ ስላይድ መቁረጥ ሊያስተምሩኝ ይችላሉ ወይ አለችኝ፤ ለሰኞ ቀጥሬያታለሁ።

ከሰዓት ማይክሮስኮፑ ጋ ሄድኩ። አያንቱ ጠዋቱን በሙሉ ስትሠራበት ነበር። እንደ ልማዴ እጄን ወደ ወንበሩ ማንሻ ሰደድኩ። ወንበሩ ግን ዝቅ ብሏል፤ ልክ በእኔ ቁመት።

ተቀምጬ ሥራዬን ሠራሁ። ስጨርስ ለእሷ ከፍ አድርጌው ወጣሁ። እስከ የት ድረስ ከፍ እንደሚል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።